«የሚከታተልህ ሰው አለ?»

ከጎንደር፣ ማለዳ

ከመሥሪያ ቤቴ የያዝኩት ደብዳቤ መተማ የምወርደው ለልምድ ልውውጥ ነው ይላል። ውሸት ነው፤ የወረድኩት ቅናት ይዞኝ ነው። አብራኝ የተማረችው ጥሩወርቅ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን እስረኞች በየሳምንቱ ተመሳሳይ ጥያቄዎች እየጠየቀች፣ የሕመማቸውን መጠን በቁጥር እየለካች፣ መድኃኒታቸውን በውጤቱ ታስተካክላለች እየተባለ በየስብሰባው ስሟ ይነሳል። እኔም የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ነኝ፤ የኔን ስም ማን አነሳው? እንግዲህ ጉድለቷን በዓይኔ ልየው ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ሸሕዲ

ሙቀቱ ሸሕዲ ሳንደርስ ተቀበለን። በመንገዱ ግራና ቀኝ ታጭዶ በየሂላው፣ በየእርሻ ሰፈሩ፣ የተከመረ ሰሊጥ ቆሟል። ፉል በልቼ ከርከዴ ስጠጣ፣ አጠገቤ የነበረ የትራክተር ሾፌር ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ።

«ሲስተር ጥሩወርቅ ጋ? እሷማ መድኃኒት ናት!» አለኝ።

ከርከዴው መረረኝ።

መተማ ዮሐንስ

እስር ቤቱ ክሊኒክ ስደርስ ጥሩወርቅ እየሳቀች አቀፈችኝ። ምንም አልተለወጠችም፤ እሱም አናደደኝ። ወዲያው አንድ ፖሊስ አለባቸው የሚባል እስረኛ አስገባ። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ፣ ታሞ ሳለ የእርሻውን ካቦ በዱላ መትቶ የታሰረ ነው። ከመድኃኒቱ የተነሳ እጁ ይንቀጠቀጣል። ፍርድ ቤቱ በማግስቱ የጤናውን ማስረጃ ይጠብቃል።

«የሌላው ጥያቄ ቁጥር ሁሉ ወርዷል፤ የአንዱ ብቻ አልወርድ አለኝ» አለችኝ። «ዛሬም ካልወረደ መድኃኒቱን ልጨምር ነው። ለፍርድ ቤቱም ገና አልተሻለውም ልል ነው።»

ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «አለባቸው፣ የሚከታተልህ ሰው አለ?»

«አለ እንጂ፣ ሲስተር።»

ከፍተኛውን ቁጥር ልትጽፍ ስትል ጣልቃ ገባሁ። «ማነው የሚከታተልህ?»

«እሳቸው፣ ሲስተር ናቸዋ! በየሳምንቱ ይከታተሉኛል፤ እግዜር ይስጣቸው።»

ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ደስታዬ ግን ለአለባቸው አልነበረም። ያዝኳት! እሱ የሕክምና ክትትሉን ሲነግራት፣ እሷ ጠላት ያሳድደኛል የሚል እየመሰላት ስትቆጥርበት ኖራለች። አሁን ታፍራለች፣ ልትሸፋፍነው ትሞክራለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ብዕሯን አስቀመጠች።

«ወይኔ! ይቅርታ አለባቸው፣ አጠያየቄ ነው የተሳሳተው። ሊጎዳህ የሚያደባብህ ሰው አለ ወይ?»

«ያኔ ይመስለኝ ነበር። አሁንስ የለም።»

ዜሮ ጻፈች። መድኃኒቱ በመጨመር ፈንታ እንዲቀነስለት፣ ለፍርድ ቤቱም እንደተሻለው እንዲነገር ሆነ። ለፖሊሱ ደግሞ «ይሄን ያገኘው እሱ ነው» ብላ እኔን አሳየችው። ስሜን ያነሳችው እሷው መሆኗ አንገበገበኝ።

ጎንደር፣ ቤቴ

ባለቤቴ ውሃ አቀረበችልኝና «እሺ፣ እንዴት ነበር?» አለችኝ። ስለ ጥሩወርቅ ጀመርኩ። የትኛው ስብሰባ ላይ እንደተመሰገነች፣ ማን እንዳጨበጨበላት፣ ቀድሞ የት እንደሠራች አንድም ሳይቀር ዘረዘርኩ።

«ያንተ በሽተኞችስ? እንዴት ሆኑልህ?» አለችኝ።

የአንዳቸውንም ልነግራት አልቻልኩም። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ስከታተል የኖርኩት ጥሩወርቅን ነው።