የአራቱ ቀን ውሃ

ትናንት ከዳባት ወደ ደባርቅ ስመለስ በሚኒባሱ ሬዲዮ ስለ ድንበር ተሻጋሪ ወንዞች ይወራ ነበር። አንዱ ምሁር አገሮቹ የውሃ ልኬታቸውን ይለዋወጡ ይላል፤ ሌላው ቁጥሩን ማን ያምናል ይላል። ደጁ ጉም ነው፤ የገብሱ ማሳ ይታይና መልሶ ይጠፋል። ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ ከሊማሊሞ ሥር ያለው ያ ድልድይ ውልብ አለብኝ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ ጠዋትና ማታ ድልድዩ ሥር ወርጄ፣ ምሰሶው ላይ የተቀባውን መለኪያ አይቼ የውሃውን ከፍታ መዝገብ ላይ መጻፍ ነው። የጭነት መኪና ሾፌሮች «ዛሬስ ወንዙ ስንት ደረሰልሽ?» እያሉ ይስቁብኛል። እኔ ግን እወደው ነበር። ተራራው ላይ የዘነበው በፊቴ አልፎ ወደ ተከዜ ይወርዳል፤ ከዚያ ስሙን እየለወጠ ሱዳን ይገባል። ይህን እያሰብኩ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ የገብስ ቆሎዬን ስቆረጥም ሰዓቱ አይታወቀኝም።

በዚያ ክረምት የአክስቴ ልጅ ዳባት ተዳረች። ለአንድ ቀን ብዬ ሄጄ አራት ቀን ቆየሁ። ስመለስ ውሃው እንደ ወትሮው ነው። ዳርቻው ላይ ሙላት ጥሎት የሄደ አዲስ ደለል ነበር፤ አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩት። ምን ቸገረኝ፣ የአራቱን ቀን ቁጥር ከራሴ ጻፍኩት። እውነት እንዲመስል አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አደረግሁ። ብልጥ መሆኔ ነው።

በጥቅምት የሁለቱ አገር ባለሙያዎች መዝገብ ሊያስተያዩ መጡ። ከሱዳን ከመጡት መካከል ሐጂ ኢድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸውም እንደኔው ወንዝ ለኪ ናቸው፤ ያንኑ ውሃ፣ ከታች። አማርኛ የተማሩት መተማ ገበያ ነው። ተምር ሰጡኝ፤ እኔም ቆሎ ዘገንኩላቸው።

መዝገቦቹ ጎን ለጎን ተዘረጉ። በእነዚያ አራት ቀኖች የሐጂ ወንዝ ሞልቶ የጎረቤታቸውን የሽንኩርት ማሳ ወስዷል። በእኔ መዝገብ ግን ወንዙ ተኝቷል። ወደ ተከዜ ከሚገቡት ሌሎች ወንዞችም ሙላት አልተመዘገበም።

«ላይኛው ሳይሞላ ታችኛው ከየት ሞላ?» አለ ወጣቱ አለቃቸው በዐረብኛ። አባቴ ነጋዴ ስለነበር ዐረብኛ እሰማለሁ። «ሐጂ፣ ዓይንዎ ደክሟል። ሥራውን ለሌላ ቢለቁ ይሻላል።»

ሐጂ አልተቆጡም። ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ አንቺ ያየሽው ይሄን ነው?» አሉኝ።

ዝም ብል እሳቸው ከሥራቸው ይነሳሉ፤ ብናገር የምባረረው እኔ ነኝ።

«አላየሁም» አልኩ። «ሰርግ ሄጄ ነበር። ከራሴ ነው የጻፍኩት።»

የእኔ አለቃ ፊቱ ጠቆረ። «በቃ፣ ከእሳቸው መዝገብ አስልተሽ አስተካክዪው» አለኝ።

«አይሆንም» አሉ ሐጂ። «ሰርዢውና ‹አልነበርኩም› ብለሽ ጻፊበት። እኔም የታመምኩ ቀን እንደዚያ ነው የምጽፈው።»

አራቱም መስመር ላይ ጻፍኩ። አፍሬ አለቀስኩ። እንዳልባረር አለቃዬን የለመኑልኝም እሳቸው ናቸው። ሲሰናበቱኝ «ጠዋት ወደ ወንዙ ስትወርጂ፣ እኔም ታች ቆሜ እየለካሁ እንደሆነ አስቢ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልቀረሁም።

«እማማ፣ ደርሰናል» አለኝ ረዳቱ። ሬዲዮው ገና ቁጥሩን ማን ያምናል ይላል። እኔ የሐጂን አምን ነበር። ዛሬ በሕይወት መኖራቸውንም አላውቅ። ግን ክረምት በገባ ቁጥር ሲነጋጋ እነቃለሁ፤ ታች ውሃው ዳር ቆመው የሚጠብቁኝ ይመስለኛል።