ጋሽ ፊሽካ ስለ ልጆቹ ሲያወራ

ጋሽ ፊሽካ እያልን የምንጠራው አሰልጣኛችን ፊት ለፊት አሞግሶን አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ስፖርት ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እኛን፣ የክለቡን የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን፣ ዝናብ ሲመታው ጆሮ በሚያደነቁር የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ያሠራናል። ጥሩ ከመታሽ ዝም ይላል። ካበላሸሽ ፊሽካውን ነፍቶ «ድገሚ» ይላል። መጀመሪያ በተጫዋችነት፣ በኋላም በረዳትነት አሥራ ሁለት ዓመት አብሬው ስሠራ ከአፉ ሲወጣ የሰማሁት ትልቁ ምስጋና «ምንም አይልም» የሚለው ነው።

ለሁላችንም ስም አውጥቶልናል። እኔ ከኪሴ ለውዝ ስለማይጠፋ ለውዝ ነኝ። መረቡ ሥር ቆማ ኳስ የማታሳልፈዋ አጥር ናት። ቀጭኗን ኳስ አመቻች ደግሞ ሽቦ አላት።

ሽቦ እኛ ዘንድ ስትመጣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ኳሱን በጣቶቿ ነካ ስታደርገው መንገዱን የሚያውቅ ይመስል ሄዶ መቺዋ እጅ ላይ ይቀመጣል። ችግሯ አንድ ነበር፤ አንዴ ከሳተች ተከታዮቹን ሦስት ትስታለች። ፊቷ ይጠቁራል፣ ትከሻዋ ይወርዳል፣ ብትጠሪያትም አትሰማም። ያን ጊዜ ጋሼ ከዳር ሆኖ «ቀና በይ» ይላታል። እሷ ደግሞ እንደ ስድብ ትቆጥረዋለች።

አንድ ሐሙስ ልምምድ ላይ አሥራ አራት ጊዜ «ድገሚ» አላት። ቆጥራዋለች። በማግስቱ ቀረች። ቅዳሜም አልመጣችም። ሰኞ ዕለት በእሷ ፋንታ እናቷ መጡ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወርዱ፣ መርፌ ደረታቸው ላይ እንደተሰካ ነው ከሥራ ተነሥተው የመጡት።

«አሰልጣኙ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ልጄ ምን በደለችዎት? ካልቻለች አልቻልሽም ብለው ያሰናብቷት። እኔ ልጅ የወለድኩት ፊሽካ እንዲነፋባት አይደለም።»

ኳስ እየሰበሰብኩ ነበርና ጆሮዬን አቆምኩ። ጋሼ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተ። አግዳሚ ወንበሩን በእጁ ጠራርጎ «ይቀመጡ» አላቸውና መናገር ጀመረ።

«ልጅዎ ኳሱ ሳይደርሳት በፊት አምስቱንም ጓደኞቿን አይታ ጨርሳለች። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ እኔም አላስተማርኳት። ባለፈው አንዷ መቺ ቁርጭምጭሚቷን አሟት ለማንም ሳትናገር ልትጫወት ገባች። የእርስዎ ልጅ ቀኑን ሙሉ ኳሱን ዝቅ እያደረገች ሰጠቻት፤ ብዙ እንዳትዘል። ለምን ብላት ‘እንዲሁ ነው’ አለችኝ። ውሸቷን ነው፤ አይታ ነው።»

ያቺ መቺ እኔ ነበርኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላወቅሁም።

«ድካምም አላት» ሲል ቀጠለ። «ስትስት የቡድኑን ጥፋት ሁሉ ብቻዋን ትሸከማለች። ሰው እንዳይቀየማት ትፈራለች። ቤትስ እንዲህ ናት?»

እናትየው የሜትራቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ጠቀለሉ። «ብርጭቆ ከሰበረች ምግብ አይወርድላትም» አሉ።

«ይኸውልዎት። አሥራ አራት ጊዜ ያስደገምኳት ከሌሎቹ ስለምታንስ አይደለም። ሌሎቹ የሚደርሱበት ደርሰዋል። እሷ ገና ናት።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ለእኔ ከሚነግሩኝ ለእሷ ቢነግሯት ምን ይጎድልብዎታል?»

ሰው በሞላበት አዳራሽ ከዳኛ ጋር የሚሟገተው ሰውዬ እንደ ተማሪ መሬት መሬት ያይ ጀመር። «አልችልበትም» አለ በመጨረሻ። «አባቴ ግንበኛ ነበር። አብሬው ስሠራ ግድግዳዬን በውኃ ልክ ያይና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ካላፈረሰው ጥሩ ነው ማለት ነው። እኔም በዚያው ቀረሁ።»

«እንግዲያው ይልመዱ» አሉ እናትየው እየተነሡ። «እኔም ከነመቀሴ አልተወለድኩም።»

ሽቦ በማግስቱ ተመለሰች። እናቷ ምን ብለው እንደመለሷት አልጠየቅኳትም። ጋሼም የምር መልመድ ጀመረ፤ ልምምዱ ግን ከዝምታው ባሰ። «አጥር፣ ዛሬ… ቁመትሽ ጥሩ ነው» አላት አንድ ቀን። አጥር ቁመቷን ትናንት ያገኘችው ይመስል ራሷን ከላይ እስከ ታች አየች። እኔን «ለውዝ፣ በሰዓቱ መጣሽ» አለኝ። ልጆቹ ገለል ብለው «ታሟል እንዴ?» ይባባሉ ጀመር። አጥር ጭራሽ ሚስቱን ልትጠይቅ ሄደች። ሚስቱ ነርስ ናት፤ እትዬ እንላታለን። እሷም ሳቀችና፣ «ስለ እናንተ ማውራት ከጀመረ እራት ይበርዳል። ወንድምሽን እያስታመምሽ አንድ ቀን እንኳ ከልምምድ እንዳልቀረሽ ስንት ጊዜ ነግሮኛል መሰለሽ» አለቻት። አጥር ይህን መጥታ ስትነግረን ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ለሽቦ ግን ቃል አላገኘላትም። «ቀና በይ» ማለቱን ትቶ፣ ስትስት ዕረፍት ይጠይቅና፣ አፉ እኛን እየመከረ እጁ ለእሷ ውኃ ያቀብላል። ለሌላ ሰው ውኃ አቀብሎ አያውቅም። የምትስታቸው ሦስት ኳሶች ቀስ በቀስ ሁለት፣ ከዚያም አንድ ሆኑ።

ሽቦ በመጣች በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ የአንድ ትልቅ ክለብ አሰልጣኝ ለጋሼ ደወለች። እኔና እሱ ቢሮ ውስጥ ነበርን። ኳስ እየነፋ ስለነበር የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ኳስ አመቻችህን ልወስዳት አስቤ ነበር» አለች። «ግን አንዴ ከሳተች ትወድቃለች ይሉኛል። እውነቱን ንገረኝ።»

ቀና ብዬ አየሁት። በእሷ ቦታ የሚተካ ሰው የለንም። «አዎ፣ ትወድቃለች» ቢል ይበቃው ነበር፤ ውሸታም የሚለውም የለም።

«ትወድቅ ነበር» አለ። «አሁንም ይከብዳታል፤ ግን ትነሣለች። በሃያ ሦስት ዓመት የአሰልጣኝነት ሥራዬ እንደ እሷ ያለች ልጅ አላጋጠመችኝም። ስትስት አትጩሂባት፤ ውኃ ስጪና ተያት። ለማስተማርም አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ ምን እንዳየች ጠይቂያት።» እንዲህ እያለ ሃያ ደቂቃ አወራ። የያዘውም ኳስ ከልኩ በላይ ተነፍቶ ድንጋይ ሆነ።

ስልኩን ሲዘጋ ሽቦ የአዳራሹን ቁልፍ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ብዙ እንደሰማች ፊቷ ይናገራል።

«ቁልፉን እዚያ አድርጊው» አለ ጋሼ፣ ዓይኑን ከኳሱ ሳያነሣ።

አስቀመጠችው፤ ግን አልሄደችም። «እኔ ከሄድኩ ማን ያመቻችላችኋል?»

«እሱን ለእኔ ተይው። አንቺ ሻንጣሽን አዘጋጂ።»

ሄደች። እኛም በተከታዩ ዓመት ከስምንት ቡድን ሰባተኛ ወጣን። የክለቡ ኮሚቴ ጠርቶ «በገዛ እጅህ ነው» አለው። «ስለ ልጅ ሲጠይቁኝ መዋሸት አልችልም» ብሎ መለሰ።

በዓመቱ እኔና እሱ ልናያት ሄድን። ጋሼ ከማያውቀው ሰውዬ አጠገብ ተቀመጠና ጨዋታው ከተጀመረ እስኪያልቅ ስለ ሽቦ አወራለት፤ ጣቶቿን፣ ዓይኗን፣ ልቧን አንድ በአንድ። ሰውዬው በመጨረሻ «አባቷ ነዎት?» አለው።

«አይደለሁም። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ የት አግኝቷት ይህን ያህል ያውቃታል?»

ቡድኗ በአምስተኛው ዙር ተሸነፈ። ሽቦ ግን ከተመልካቹ መካከል አየችንና በመቀመጫዎቹ መሀል እየተሯሯጠች መጣች፤ አንገቱ ላይ ተጠምጥማም አለቀሰች። ጋሼ ጀርባዋን መታ መታ እያደረገ ላቧን በራሱ ፎጣ ጠረገላት። ከዚያ ሰውዬው ተነሥቶ በለቀቀው ወንበር ላይ አስቀምጧት፣ እኔ ስለመኖሬም ረስቶ፣ ስለ እሷ ያለውን ሁሉ ለራሷ ይነግራት ጀመር። አውቶቡሱ አመለጠን።