እስክሪብቷቸውን በር ላይ የሚያስረክቡት ጋሽ ይሻው

ሌላው ሰው ወደ ኮሌጃችን ግቢ ሲገባ ዘበኛው ካሳው ኪሱን ይዳብሰዋል። ጋሽ ይሻውን ግን መዳበስ አያስፈልግም። ራሳቸው በሩ ላይ ቆም ይሉና ከኮታቸው የደረት ኪስ ሰማያዊ እስክሪብቷቸውን አውጥተው ያስረክባሉ። ካሳውም እንደ ሽጉጥ ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍበታል። ሲወጡ ይመልስላቸዋል። ይህ ነገር አምስት ዓመት ሆነው። አዲስ የመጣ መምህር ሁሉ "ሰውዬው ጤነኛ ናቸው?" ብሎ የሚጠይቀው እኔን ጽጌን ነው። የዲኑ ጸሐፊ ስለሆንኩ ሁሉን ታውቃለች ይሉኛል። አውቃለሁም።

ጤነኛ ናቸው። እስክሪብቶ የሚያስረክቡት እጃቸውን ስለማያምኑት ነው።

ጋሽ ይሻው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብረ ታቦር ፍርድ ቤት በር ላይ፣ በላስቲክ ዳስ ሥር ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩ። ከፋርጣም ከእስቴም ከአንበሳሜም ባለጉዳይ ይመጣባቸዋል። አንድ በግ የጠፋበት ሰው እሳቸው ዘንድ ደርሶ ከሄደ፣ በጉ ወረቀቱ ላይ የቤቱ ምሰሶና የልጆቹ ተስፋ ሆኖ ይገኛል። "የይሻው ማመልከቻ ድንጋይ ያስለቅሳል" ይባል ነበር። እሳቸውም ይህን ሲሰሙ ጠላሁ አይሉም፤ የጽሕፈት መኪናቸውን በጨርቅ እየወለወሉ አልሰማሁም ለማለት ይሞክራሉ እንጂ።

ከአሥር ዓመት በፊት ታዲያ ከጉና አንድ ገበሬ መጣባቸው። ጎረቤቱ ድንበር ገፍቶበታል። ጋሽ ይሻው ነገሩን በግማሽ ጆሮ ሰሙና "ቀንና ሌሊት እንባዬን እያፈሰስኩ" ብለው ጀምረው ሁለት ገጽ ሞሉለት። ሰውየው ፊደል አልቆጠረም፤ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ። ዳኛው አነበቡና ቀና ብለው፣ "ለመሆኑ እውነት ስታለቅስ ነው የከረምከው?" አሉት። አዝነው ይሁን ለጨዋታ አይታወቅም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ባላጋራው አጠገቡ ቆሟል። አገሬው ከኋላ ተደርድሮ ጆሮውን አቁሟል። የጉና ሰው፣ ያውም ወንድ፣ በዚህ መሀል ምን ሊል ነው? "እኔ? ለሱ ብዬ? ጌታዬ፣ አንዲት ጠብታ አላነባሁም!" አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። ዳኛውም ወረቀቱን አገላብጠው፣ "የመጀመሪያው መስመር ሐሰት ከሆነ የቀረውን እንዴት ልመነው?" አሉ። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰውየው ክሱን ተረታ።

ጋሽ ይሻው ያን ቀን የጽሕፈት መኪናቸውን ከደኑት። "ሰውየው ነገሩን በገዛ አፉ ይዞ መጥቶ ነበር፤ የቀማሁት እኔ ነኝ" አሉኝ አንድ ጊዜ። ይህን ሲሉ የሚያዩት መስኮቱን ነበር። እኔም አልቀለድኩባቸውም። እኔን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል እንደከበደኝ ይረዳል።

ከዚያ በማታ ተምረው በአማርኛ ዲፕሎማ ያዙና ኮሌጃችን መዝገብ ቤት ገቡ። የኮሌጁን ስም አልጠራውም፤ እንጀራዬ ነው። ነገ መምህር ይሆናሉ የምንላቸው ልጆች አንድ አንቀጽ አስተካክለው መጻፍ ያቅታቸዋል። ምን ያድርጉ፣ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሱት ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያከበቡ ነው። ዲናችን አቶ አንዱአምላክ ነገሩ ቢያሳፍራቸው የተሰባበረ ወንበር የሚከማችበትን ክፍል አስጠረጉና "የንባብና ጽሕፈት ማገዣ" የሚል ለጥፈው ለጋሽ ይሻው ሰጧቸው። ወንበሮቹ ግን ግማሾቹ እዚያው ቀሩ። እስከ ዛሬም ተማሪው የሚቀመጠው በባለሦስት እግሩ ላይ ነው።

አሠራራቸው በየትኛውም መጽሐፍ ላይ የለም። ሙላቴ የሚባል ዲያቆን ተማሪ ነበረ፤ አንድ ገጽ በአንድ ትንፋሽ ይዘልቃል፣ ድምፁም ማር ነው።

"እሺ፣ ምን ይላል?" አሉት ጋሽ ይሻው።

"ምን ይላል ማለት? አነበብኩት እኮ!"

"ወረቀቱን እዚህ ተወውና ሄደህ ለካሳው ንገረው። ለካሳው ካልገባው አላነበብከውም።"

እንዲህ እየተባለ ካሳው በር ላይ እንደቆመ ስለ አፈር መሸርሸርም፣ ስለ ልጆች አስተዳደግም፣ ስለ ፀሐይ ግርዶሽም ሰማ። ለፈተና ቢቀመጥ ግማሹን መምህር ይጥለዋል። ካልገባው ደግሞ ተማሪውን "ተመለስ!" ብሎ በዱላው ክፍሉን ያሳያል።

ለጽሑፍ ሌላ ዘዴ አላቸው። "የኛ አገር ሰው ሙግት ከማን ይማራል? አብሮት ነው የተወለደው" ይላሉ። ስለዚህ አንቀጹን ሁሉ ክስ አደረጉት። ነገርህ ምንድን ነው? ምስክርህ ማን ነው? ምን ይደረግልኝ ትላለህ? ሦስቱ ካልተሟሉ መዝገቡ ይዘጋል። ተማሪዎቹም ክፍሉን "ችሎት" አሉት።

ትርንጎ ወደ ችሎቱ የመጣችው ጥቅምት ላይ ነው። የጉና ልጅ ናት፤ በአፍ ሙግት የሚረታት የለም፣ ወረቀት ላይ ግን ሁለት መስመር ጽፋ ትደርቃለች። በመጀመሪያው ቀን እስክሪብቶዋን ዘረጋችላቸው።

"ጋሼ፣ እኔ ልንገርዎትና እርስዎ ይጻፉልኝ።"

ጋሽ ይሻው ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። "አልጽፍም።"

"አንዲት ቃል?"

"አንዲት ፊደልም።"

እንዲህ ተጀምሮ አምስት ወር ሄደ። ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ "ምን ዓይነት ደረቅ ሽማግሌ ነው!" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በማግስቱ ግን ከማንም ቀድማ ባለሦስት እግሩ ላይ ትገኛለች። እሳቸውም የጻፈችውን ያዩና "ምስክር የለሽም" ብለው ይመልሱላታል። ትቀደዋለች። እንደገና ትጽፋለች።

ጣጣው የመጣው በመጋቢት ነው። የአማርኛ ጽሕፈት የሚያስተምራት መምህር ደምሴ ከአርባ ምንጭ የመጣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ጉድለቱ ሁሉን ማመኑ ነው። "ስለ አካባቢያችሁ አንድ ችግር ጻፉ" ብሎ የማጠቃለያ ሥራ ሰጠ። የትርንጎ ወረቀት "ጉዳዩ፦ በጉና ድንች ላይ የደረሰውን በደል ይመለከታል" ብሎ ይጀምራል። ውርጩ እንዴት እንደሚመታው፣ ጉድጓድ ውስጥ እንዴት እንደሚበሰብስ፣ ነጋዴው ከረጢቱን በጉልበቱ እየጠቀጠቀ በአንዱ ዋጋ እንዴት ብዙ እንደሚወስድ በምስክር ይዘረዝራል። መጨረሻው ላይ "ስለሚደረግለት ቀና ትብብር ድንቹ በቅድሚያ ያመሰግናል" ይላል።

ደምሴ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ጮክ ብሎ እያነበበ ሳቀ፤ ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ አንዱ ነገረኛ፣ "ይሄማ የይሻው እጅ ነው። ድንጋይ ያስለቀሱ ሰው ድንች ያቅታቸዋል?" አለ። የደምሴ ሳቅ ቆመ። ዜሮ ሰጣት። በኮሌጁ ደንብ ደግሞ ሥራውን ሰው የጻፈለት ተማሪ ይሰናበታል። ትርንጎ ሐሙስ ኮሚቴ ፊት ትቅረብ ተባለች፤ ካልነጻች አርብ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ጉና ነው።

ኮሚቴው ዲኑና ደምሴ ናቸው። እኔ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ጋሽ ይሻው ተጠሩና "አልጻፍኩም" አሉ፤ በቃ፣ ዝም። ለሺህ ሰው ሺህ ገጽ የሞሉ ሰው ለዚች ልጅ አንድ ቃል! ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ የዚያን ዕለቱ ግን ሊነቅዝ ነው ብዬ ተናደድኩ። ጠረጴዛው ሥር እግራቸውን ብረግጠው ደስ ባለኝ። ኋላ ሳስበው ፈርተው ነው። አንደበታቸው ከተፈታ እንደገና ነገር እንዳያሳምሩባት ፈርተው።

"እዚሁ ትጻፍ" አለ በመጨረሻ ደምሴ። "ግማሽ ሰዓት እንስጣት።"

"በምን ጉዳይ?" አለች ትርንጎ።

"በፈለግሽው።"

ጋሽ ይሻውን አየቻቸው። እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ከዚያ አቀርቅራ መጻፍ ጀመረች። እሳቸው ግድግዳውን እያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ውዳሴ ማርያም ይሁን "ምስክር፣ ምስክር" ይሁን አላውቅም። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ዲኑ ወረቀቱን ተቀብለው ጮክ ብለው አነበቡ።

"ከሳሽ፦ ትርንጎ ሙሉቀን። ተከሳሽ፦ ጋሽ ይሻው።"

ዲኑ መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ።

"አንደኛ ክስ። ተከሳሹ አንዲት ቃል እንዲጽፉልኝ አምስት ወር ብለምናቸው እምቢ ብለዋል። አሥራ አራት ወረቀት አስቀድደውኛል። ምስክሬ እስክሪብቷቸውን በየቀኑ የሚቆልፈው ዘበኛው ጋሽ ካሳው ነው። ደግሞም ተከሳሹ ድንች ቆፍረው አያውቁም። ለዚህ ምስክሬ እጃቸው ነው። ከኪሳቸው ወጥቶ ይታይልኝ።"

ጋሽ ይሻው ሳይወዱ በግድ እጃቸውን አወጡ። የሕፃን እጅ ይመስላል። ደምሴ እንዳይስቅ አፉን በክርኑ ሸፈነ፤ እኔ ግን ሥራዬ መጻፍ ብቻ ስለሆነ እንደልቤ ሳቅኩ።

"ሁለተኛ ክስ" አሉ ዲኑ፣ ድምፃቸው ዝግ አለ። "ከአሥር ዓመት በፊት ተከሳሹ ለአባቴ ለሙሉቀን ማመልከቻ ጽፈዋል። አባቴ አለቀስኩ ሳይላቸው አለቀሰ ብለው ጽፈዋል። አባቴም ችሎት ላይ አላለቀስኩም ብሎ ተረታ።"

ሙሉቀን የሚባል አባት ያለው ልጅ በዚህ አገር ስንት ነው? ጋሽ ይሻው አምስት ወር ሙሉ ከፊታቸው የተቀመጠችው የማን ልጅ እንደሆነች አላወቁም ነበር። እሷ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ታውቃለች። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ሲመለስ አብሬው ነበርኩ፤ ስምንት ዓመቴ ነው። ክምር ድንጋይ ሳንደርስ የበቅሎዋን ጭነት ላጥብቅ ብሎ ወደ ኋላ ቀረ። ዞሬ አየሁት። አንገቷ ላይ ተደፍቶ ያለቅስ ነበር። ስለዚህ ተከሳሹ የጻፉት ውሸት አልነበረም። ጥፋታቸው ሳይጠይቁት መጻፋቸው ነው። የምጠይቀው ዳኝነት፦ ተከሳሹ ዓይናቸው እስኪደክም ድረስ ከዚያ ክፍል እንዳይወጡ ይወሰንልኝ።"

ደምሴ የድንቹን ወረቀት ከፋይሉ አወጣ። ዜሮውን ሰረዘና ዘጠና ሁለት ጻፈበት። "ስምንቱን የቀነስኩት ድንች ስለማያመሰግን ነው" አላት። ትርንጎ ለስምንቷ ልትሟገት አፏን ከፍታ ነበር፤ ዲኑ በዓይናቸው አስቆሟት።

"ተከሳሽ መልስ አለዎት?" አሉ ዲኑ ወደ ጋሽ ይሻው ዞረው፣ ነገሩን በጨዋታ ለመዝጋት።

ጋሽ ይሻው ጉንጫቸው ረጥቧል፤ በዚያ ለስላሳ እጃቸው ይጠርጉታል፣ ተመልሶ ይረጥባል። እኔንም ዓይኔን አቃጠለኝ። ቃለ ጉባኤው ግን መሞላት አለበት። እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ወደሳቸው ጎንበስ አልኩ።

"ጋሽ ይሻው፣ ተከሳሹ አለቀሱ ብዬ ልጻፍ?"

ዲኑን አዩ፣ ደምሴን አዩ፣ ትርንጎን አዩ።

"ጻፊው" አሉኝ። "አንቺማ ጠይቀሽኛል።"