ሽማግሌ የተላከበት ወለድ

ከናዝሬት የወጣሁ ማታ እናቴ አላለቅስም ብላ ምላ ነበር፤ መኪናው ሲነሳ ግን መሐላዋ ፈረሰ። እኔም ላባብላት ብዬ «የራስሽን ክፍል አዘጋጅቼ እወስድሻለሁ» አልኳት። ዲቪ የደረሰው ሰው ቃል ሲገባ አይሰስትም።

ኦክላንድ፣ ጉሙ ከባሕር እየተነሳ የናዝሬትን ሙቀት በሚያስናፍቅበት አገር፣ ጌታቸውን አገባሁ። እሱ ከወደቡ ኮንቴይነር የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ እኔ ሆስፒታል አልጋ አነጥፋለሁ። አከራያችን ወጥ በሠራሁ ቁጥር በር ያንኳኳል።

«የተቃጠለ ነገር አለ?»

«የለም፣ ሽንኩርት ነው።»

«ሽንኩርት እንዲህ አይሸትም።»

ለሽንኩርት ጥብቅና መቆም ሲሰለቸን ቤት እንግዛ አልን። ትዳራችን ሊፈርስ የነበረውም ያኔ ነው። የቤት ብድሩ ወለድ ሁለት ዓይነት ነው፤ ፊክስድ የሚባለው እስከ መጨረሻው አይነቃነቅም፣ ቫርያብሉ በርካሽ ይጀምርና እንደ ገበያው ይወጣል፣ ይወርዳል። በርካሹ ከገባን ባለ ሦስት መኝታ ቤት፣ ማለትም የእናቴ ክፍል፣ ይደርሰናል። ጌታቸው ግን «ዛሬ የሳቀልሽ ወለድ ነገ ቤቱን ይነጥቅሻል» ብሎ፣ በፊክስድ ባለ ሁለት መኝታውን ካልገዛን አለ።

«እናቴን ስለማትፈልጋት ነው!» አልኩት። ሳምንቱን ሙሉ ጀርባ ለጀርባ ተኛን።

ነገሩ ሲከር እንደ ወጋችን ሽማግሌ ተጠራ። በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡት ጋሽ ታደሰ ከአንድ ጓደኛቸው ጋር መጡ። ግራ ቀኙን ሰምተው «ጥፋቱ የእናንተ ሳይሆን የወለዱ ነው» ብለው ፈረዱ። በማግስቱ ወለዱ እንዲቀነስ ሊለምኑ ሳን ሆዜ፣ ብድሩን የያዘችልን አበዳሪ ቢሮ ድረስ አብረውን ሄዱ።

ሁለቱም ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። አበዳሪዋ ግራ ገባት።

«እነዚህ ሰዎችም ተበዳሪ ናቸው?»

«አይ፣ ሽማግሌዎች ናቸው» አልኳት።

«ታዲያ ይቀመጡ እንጂ!»

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ኢንተረስቱን ለእኛ ስትዪ ዝቅ አድርጊላቸው።»

«እንግዲያው የእናንተንም ክሬዲት፣ ማለትም የብድር ታሪካችሁን፣ ቼክ ላድርግ?»

ጋሽ ታደሰ ደማቸው ፈላ። «የእኔን ክሬዲት? ስንት ትዳር ያቆምኩ ሰው ነኝ!»

ልጅቷ ለእኛ አዝናም ይሁን ሽማግሌዎቹን ከቢሮዋ ለማስወጣት ብላ፣ መላ አመጣች፤ ብድሩን ለሁለት ከፍላ ትልቁን በፊክስድ፣ ትንሹን በቫርያብል አደረገችልን። ባለ ሦስት መኝታው ደረሰን። ጋሽ ታደሰ ይሄን ጊዜ ተቀመጡ።

«አየሽ ልጄ፣ አሜሪካም ሽማግሌ ታከብራለች» አሉኝ።

ቁልፉን የተቀበልን ዕለት ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ክፍልሽ ደረሰልሽ!»

እልልታዋ ጆሮዬን ሊያደነቁረው ነበር። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ዕዳ አለበት እንዴ?» አለችኝ።

«ትንሽ አለበት።»

«የስንት ዓመት?»

«የሠላሳ።»





«ዕዳ ያለበት ቤት ገብቼ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ልጄ። ከፍላችሁ ስትጨርሱ እመጣለሁ።»

እናቴ ሰባ ዓመቷ ነው። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።