የኦርሊና ሦስት ደብልዩዎች

ኦርሊና ኮምብስ የተወለደችው ምሥራቅ ኬንታኪ ተራሮች መሀል፣ ፀሐይ አርፍዳ መጥታ ቶሎ በምትሰናበትበት ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ነው። አባቷ ዴንቨር ዕድሜውን ከመሬት በታች ከሰል ሲቆፍር ኖሮ፣ ከጉድጓዱ ይዞት የወጣው በአቧራ የደረቀ ሳንባ ብቻ ነበር። እናቷ ኦሃዮ ፋብሪካ ልሥራ ብላ ሄዳ በዚያው ቀረች። አባትና ልጅ የቦሎቄ ሾርባቸውን በበቆሎ ዳቦ እየበሉ፣ እየተነታረኩም እየተሳሳቁም ኖሩ።

ግትርነቷ ከልጅነቷ የታወቀ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሳለች የትምህርት ቤቱ አማካሪ «ለአንቺ የሚስማማሽ የአረጋውያን መጦሪያ ረዳትነት ነው» ቢላት፣ «እሺ፣ እዚያው መጦሪያው ውስጥ ዶክተር እሆናለሁ» ብላው ወጣች። ወሬው በማግስቱ ሸለቆውን አዳረሰ። በማሾፍ ከሁሉም የባሰው ሃስከል ነበር፤ ከአባቷ ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ ያረጀ፣ እንደ አባቷም ኦክስጅን በሚሰጥ ማሽን የሚተነፍስ፣ ከሸለቆው አናት ላይ ከሚስቱ ከኦፓል ጋር የሚኖር ሽማግሌ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ባለፈች ቁጥር ይጠራታል።

«ዶክተር ኦርሊና፣ እስኪ ይቺን ጉልበቴን እይልኝ።»

«ጉልበትዎ ደህና ነው ጋሼ ሃስከል። የታመመው ምላስዎ ነው።»

«ለምላስስ መድኃኒት አለሽ?»

«አለኝ። እርስዎ ግን መራራ ነገር አይወዱም።»

ሽማግሌው እስኪያስለው ይስቃል። ኦፓል ከውስጥ ሆና «አታስቂው ልጄ፣ ትገይብኛለሽ» ትላታለች።

ኮሌጅ የገባችው ተራራው አልቆ ሜዳው በሚጀምርበት ከተማ ነው። ህክምና ለመማር መጀመሪያ አራቱን የኮሌጅ ዓመት መጨረስ፣ ከዚያ ማመልከት ግድ ነውና፣ ኬሚስትሪውንም ባዮሎጂውንም ጥርሷን ነክሳ ተያያዘችው። ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን፣ ፊዚክስንና ስታቲስቲክስን ባንድ ላይ በያዘችበት ሴሚስተር፣ የብርዱ ወራት ሊወጣ ሲል ዝናቡ ጀመረ። ጅረቱ በአንድ ሌሊት ወንዝ ሆነ። ድልድዮቹን ወሰደ፣ የመብራት ምሰሶዎቹን እንደ ክብሪት እንጨት ነቀላቸው።

ኦርሊና ወሬውን እንደሰማች መኪናዋን አስነስታ ገሰገሰች፤ መንገዱ ከተቆረጠበት ላይ አቁማ ኮረብታውን በእግሯ ተሻገረች። መብራት ከሌለ የአባቷ ማሽን እንደማይሠራ ታውቃለች። ዴንቨርን የመጨረሻዋን የኦክስጅን ሲሊንደር አቅፎ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ አገኘችው።

«ፈተና የለሽም እንዴ?» አላት።

«አለኝ። ዝም ብለህ ተንፍስ።»

የእሳት አደጋ ጣቢያው ከኮረብታው ማዶ ነው። ሲሊንደር የሚታደለው እዚያ ነበርና፣ ከጎረቤት ባለአራት ጎማ ሞተር ተውሳ በጭቃው ላይ ማመላለስ ጀመረች። ለአባቷ አደረሰች። ለሌሎቹም ቤት ለቤት አደረሰች፤ በዚያ ሸለቆ ሳንባው ደህና የሆነ ሽማግሌ የለማ። ለሃስከል ግን አልደረሰችም። ወደ እሱ የሚወስደውን መንገድ ናዳ ዘግቶት ነበር። ሞተሩን ከናዳው ሥር አቁማ፣ ሲሊንደሩን በጀርባዋ አዝላ በጫካው በኩል ወጥታ ስትደርስ፣ ሽማግሌው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አርፏል። ኦፓል እጁን ይዛ አጠገቡ ነበረች።

«ስትመጪ ሞተሩን ሰምቶታል» አለቻት። «‹ዶክተሯ መጣች› አለ። ከዚያ ዝም አለ።»

ኦርሊና ያን ቀን አላለቀሰችም። ሲሊንደሩን መልሳ አዝላ ወረደች፤ ከታች ሌላ የሚጠብቅ ሰው ነበርና።

መብራቱ እስኪመለስ ሳምንታት ፈጀ። ቤተ ሙከራው አመለጣት፣ ፈተናው አለፈ። አባቷ በየቀኑ ይጨቀጭቃታል።

«ሂጂ ተመለሺ። ለእኔ ብለሽ እንጀራሽን አትዝጊ።»

«ለአንተ ብዬ አይደለም።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

«ኮረብታውን በሞተር መውጣት የሚችል ሌላ ሰው ጥራልኝ፤ ነገውኑ እሄዳለሁ።»

ዴንቨር የሚጠራው ሰው አልነበረውም። ወጣቶቹ ሥራ ፍለጋ ከሄዱ ቆይተዋል።

ኮርስ የሚቋረጥበት የመጨረሻው ሳምንት ሲደርስ፣ የታሪክ ኮርሱን ብቻ አስቀርታ ሦስቱን ከባድ ኮርሶች አቋረጠች። በሦስቱም ፊት «ደብልዩ» የምትባለው፣ ተማሪው ኮርሱን አቋርጧል የምትለው ፊደል ተጻፈች። አማካይ ውጤትን አትነካም፤ ግን ከትራንስክሪፕቱ ላይ የምትፋቅ አይደለችም፤ የሚያነብ ሁሉ ያያታል።

ስትመለስ፣ ህክምና ለሚያመለክቱ ተማሪዎች አማካሪ የሆነችው ወይዘሮ ዊትኮም ቢሮ አስጠራቻት። ክፉ ሴት አልነበረችም። ሥራዋን የምታውቅ፣ ብዙ ተማሪ ሲገባም ሲወድቅም ያየች ናት።

«አንድ ደብልዩ ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያየውም» አለቻት። «ከኤፍም ይሻላል። ሦስት፣ ያውም ሦስቱም ሳይንስና ሂሳብ፣ ያውም ባንድ ሴሚስተር ሲሆን ግን፣ ‹ሲከብዳት ሸሸች› ነው የሚሉት። ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም? መምህራኑ ጊዜ እንዲሰጡሽ እናደርግ ነበር።»

«ስልክ አልነበረም። ቢኖርም ትዝ አይለኝም ነበር።»

«አሁን ምን ልታደርጊ ነው?»

«ሦስቱንም እንደገና እወስዳለሁ። ከእነዚያው መምህሮቼ ጋር።»

እንዳለችውም አደረገች። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪው ዝነኛ ጨካኝ ሰው ጋ ነበር፤ ሌሎች ተማሪዎች ከእሱ ሸሽተው በእረፍት ወራት ከሌላ መምህር ጋር ሲወስዱት፣ እሷ ፊት ለፊቱ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። በሦስቱም ኤ አመጣች።

ማመልከቻው ላይ ስለ ደብልዩዎቹ የምታስረዳበት ቦታ ነበር። ወይዘሮ ዊትኮም ዓይኗ በራ።

«በይ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ጎርፉን ጻፊው። ሽማግሌውን ጻፊው፤ በጀርባሽ አዝለሽ መውጣትሽን፣ ወንበሩ ላይ ማግኘትሽን። የሚያነበው ሰው እንባውን መያዝ እስኪያቅተው ድረስ።»

«ጋሼ ሃስከልን አልጽፈውም።»

«እውነት አይደለም እንዴ?»

«እውነት ነው። የኦፓል እውነት ነው እንጂ የእኔ መግቢያ ትኬት አይደለም። እሱ ሞቶ እኔ በእሱ ልግባ?»

«ኦርሊና፣ ሁሉም ያደርገዋል።»

«እኔ አላደርገውም። ‹ተሳስቼ ነበር፣ ተምሬበታለሁ› ብዬም አልጽፍም። አልተሳሳትኩማ።»

የጻፈችው ይህን ብቻ ነው፦ «ጎርፍ መጥቶ መብራት ሲጠፋ፣ በማሽን ለሚተነፍሱ ጎረቤቶቼ ኦክስጅን አመላለስኩ። ኮርሶቹን አቋርጬ ኋላ ወስጃቸዋለሁ፤ ውጤቱ ከታች አለ።»

በዚያ ዓመት ያመለከተችባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ አልቀበልም አሏት። ለቃለ መጠይቅ እንኳ የጠራት አልነበረም። ደብልዩው ይሁን ድርቅናዋ፣ ማንም አልነገራትም። አባቷ ማታ ማታ ፊቷን እያየ ይቆዝም ጀመር።

«ጥፋቱ የእኔ ሳንባ ነው» አላት አንድ ቀን።

«ሳንባህን ዝም አሰኘው አባዬ። አንተን ትቼ ገብቼ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ነጭ ጋዋን ለብሼ የማልናገረው ሬሳ ይኖረኝ ነበር።»

አምቡላንስ ላይ ተቀጥራ ያንን ዓመት በሠራችበት መንገድ ሁሉ ሰው ይጠይቃታል፤ «ዶክተርነቱ ቀረ?» «አልቀረም፣ ዘገየ» ትላለች ሳትቆም። በዓመቱ ደግማ አመለከተች። ወይዘሮ ዊትኮም ማብራሪያውን ስታየው ያው ነው፤ አንድ ቃል አልተጨመረም።

«ግትር ነሽ፤ ማንም እንዲህ ሲሆን አላየሁም» አለቻት።

«አባቴን ስላላዩት ነው» አለቻት ኦርሊና።

በዚህኛው ዙር አንድ ትምህርት ቤት ጠራት፤ እዚያው ተራሮቹ ውስጥ ያለ ትንሽ የህክምና ትምህርት ቤት። የጠየቋት ሁለት ነበሩ፤ ዶክተር ፕሩዊት የተባለ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ያስቀመጠ ሽማግሌ ሐኪም፣ እና አንዲት ዝምተኛ ወጣት ሐኪም። ፕሩዊት ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም።

«ሦስት ደብልዩ አለሽ። ነገር ከበድ ሲል የመሄድ ልማድ አለሽ?»

«ከበድ ወዳለው ነው የሄድኩት ዶክተር። ቀላሉ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ነበር።»

«ህክምና ትምህርት ቤት ውስጥ እንደፈለግሽ የምታቋርጪው ኮርስ የለም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሆነሽ ያው ጎርፍ ቢመጣስ?»

«ሌላ የሚሄድ ሰው ከሌለ እሄዳለሁ።»

ፕሩዊት እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ይኼ ጥሩ መልስ አይደለም።»

«ጥሩ መልስ አልጠየቁኝም። የማደርገውን ነው የጠየቁኝ። ስመለስ ደግሞ የቀረብኝን ሁሉ እወስዳለሁ፤ ባለፈው ወስጄዋለሁ፣ ውጤቱ እፊትዎ ነው።»

ወጣቷ ሐኪም ያኔ ቀና አለች። «የሞተ ሰው ነበር?» አለቻት ቀስ ብላ።

«ነበር።»

«ትነግሪናለሽ?»

«አልነግራችሁም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሀዘኑ የሚስቱ ነው።»

ኦርሊና ቀና ብላ እንደተቀመጠች ጠበቀች። ሌላ ጥያቄ አልመጣም፤ አመሰገኗትና ሸኟት። በመንገድ ላይ መሪውን ጨብጣ «በቃ፣ ይኼም ሄደ» አለች ለራሷ፤ ግን ከተናገረችው አንዱንም ቃል መመለስ አላማራትም።

ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ገባች። በጋው መሀል ላይ፣ አባቷ በረንዳው ላይ ሆኖ ስልክ አንስቶ አገኘችው። ለመናገር ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጊዜ ወሰደበት።

«አንዲት ሴት ናት፤ ከዚያ ከትምህርት ቤቱ። ቦታ ተገኝቷል፣ ትመጣለች ወይ ትላለች።»

«ምን አልካት?»

«‹መጀመሪያ ትጨቃጨቃችኋለች፣ ከዚያ ትመጣለች› አልኳት።»

ዴንቨር ከመመረቋ በፊት አረፈ። ኦርሊና ሳምንት ሙሉ ከክፍል ቀርታ ቀበረችው፤ ማንንም አላስፈቀደችም፣ አሳወቀች እንጂ። የቀረባትን ከእያንዳንዱ መምህር ዘንድ ሄዳ አወራረደች።

ዛሬ በወረዳው ክሊኒክ ሐኪም ናት። አምና ወይዘሮ ዊትኮም ለአዲስ ተማሪዎች እንድትናገር ጋበዘቻትና ሄደች። አማካሪዋ አርጅታለች። «ሦስት ደብልዩ ይዛ ዶክተር የሆነች፤ እንግዲህ አይዟችሁ» ብላ አስተዋወቀቻት። ኦርሊና ተነሥታ አረመቻት።

«አይዟችሁ አልላችሁም» አለች። «ደብልዩ ዋጋ አለው። እኔን አንድ ዓመት አስከፍሎኛል፣ አባቴንም ስመረቅ እንዳያየኝ አድርጎታል። የሰነፈ ሰው የእኔን ስም እየጠራ ኮርስ እንዳይጥል። የምላችሁ አንድ ነገር ነው፤ የምትሄዱበት የሚያስሄድ ከሆነ ሂዱ፣ ስትመለሱ ግን ማንም ፊት አታቀርቅሩ። ይቅርታ የሚጠየቀው ላጠፉት ነው።»

ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ባይቀበሉሽስ ኖሮ?»

«በሦስተኛው ዓመት አመለክት ነበር» አለች ኦርሊና። «ማብራሪያውም ያው ነበር።»