ክራሩ የተሰነጠቀ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ዴንቨር፣ ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ካለው ቤታችን ሳሎን ቁጭ ብላ ክራሯን በስልኳ ትቃኛለች። ክሩ ስልኩ የሚፈልገው ልክ ላይ ሲደርስ አረንጓዴ ይበራል። «ዳዲ፣ ግሪን ሆነ! ፐርፌክት ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ምንም አይወጣለትም። እኔ ግን ድሮ አብራን የምትዘፍነው ሮማን ትዝ አለችኝ።

ያኔ ወጣት ሳለሁ የምንለማመደው እዚሁ ዴንቨር ካፒቶል ሂል፣ ኮልፋክስ ጎዳና ዳር፣ ጋሼ ተፈራ አፓርታማ ነበር። ጋሼ ክራር ይመታሉ፣ ሮማን ትዘፍናለች፣ እኔ አንዲት ርካሽ ኪቦርድ አለችኝ። ጋሼ ሁልጊዜ የሚቃኙት በዘፋኟ ጉሮሮ ነው። «እስቲ አንጎራጉሪ» ይሏታል፤ ዓይኗን ጨፍና «እምም...» ስትል ክራሩን ወደሷ ያመጡታል። ጉንፋን ከያዛት ዝቅ፣ ደስ ካላት ከፍ። የእኔ ኪቦርድ ፋብሪካ ከሰጣት ልክ ንቅንቅ ስለማትል፣ እኔ እሷን ትቼ የጋሼ ሽሮ እስኪበስል አጨበጭብ ነበር።

አንድ ጊዜ አጠገባችን ያለችው አውሮራ ከተማ ሠርግ ላይ እንድንጫወት ተጠራን። ሮማን በሳምንቱ ጠቅልላ ሲያትል ልትገባ ነው፤ እንደምወዳት አልነገርኳትም። ያን ቀን እነግራታለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር።

በረዶ ጥሏል። ጋሼ አገር ቤት ቆዳ ፀሐይ ላይ እንደሚያሞቁት፣ ክራራቸውን ማሞቂያው ላይ አሳድረውት ኖሯል፤ ጠዋት ቆዳው መሃል ለመሃል ተሰንጥቆ አገኙት። የዴንቨር ደረቅ አየር ይህን መች ይምራል! «በቃ ልጆቼ፣ እናንተው ተወጡት» አሉን።

አዳራሹ ጓዳ ገብተን ሞከርን። የሮማን ድምፅ ከአንዱ የኪቦርዴ ቁልፍ ከፍ፣ ከቀጣዩ ዝቅ ብሎ መካከል ላይ ቀረ።

«በዚህ ከዘፈንኩ ጉሮሮዬ ይዘጋል። ይቅርብኝ» አለች፣ እንባዋ መጥቶ።

ከኪቦርዱ ጀርባ የድምፁን ልክ ከፍ ዝቅ የምታደርግ፣ ነክቻት የማላውቅ ትንሽ መዞሪያ ነበረች።

«እስቲ አንጎራጉሪ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና ዓይኗን ጨፈነች። ቀስ እያልኩ ሳዞር የሚንቀጠቀጠው ድምፅ ረጋ፤ ሁለታችን አንድ ሆንን።

«አትንካት፣ እዚሁ ናት» አለች።

አዳራሹ በእስክስታ ተናወጠ። ከመድረክ ስንወርድ እጄን ይዛ «እስከዛሬ የት ነበርክ?» አለችኝ። መናገር ያለብኝ ያኔ ነበር። እኔ ግን ሳቅኩ። በሳምንቱ ሄደች።

ዛሬ ሁለታችንም ልጆች አሉን፤ ለበዓል እንደዋወላለን። ያንን ድምፅ እንደናፈቅኩ አለሁ፤ ልኩ በቁጥር ስንት እንደሆነ ግን ዛሬም አላውቅም። ባለፈው ፋሲካ «ድምፄ ወርዷል፣ አረጀሁ» አለችኝ። «እስቲ ልስማው» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ሁላችንም እኮ» አልኩና ስለ ልጆቿ ጠየቅኳት።