የደጋን በግ

ሃምሳ አለቃ ቀለሙ ሲሞት ሚስቱ አረጋሽ እንደ ደንቡ አላለቀሰችም ብለው ጎረቤቶቿ አሟት። ደሴ መቼም ሐሜት አያጣትም። ሰባ ስድስት ዓመት ኖሮ፣ ከሁለት ጦርነት ሙሉ አካሉን ይዞ ተመልሶ፣ አራት ልጆች ድሮ፣ በገዛ አልጋው ላይ ላረፈ ሰው ምን ብላ ፊቷን ትንጭ? ደግሞም ሰውዬው ቀሎት ነው የሞተው። እንዴት እንደቀለለው የምታውቀው እሷ ናት።

ቀለሙ የገራዶ መሪጌታ ልጅ ነበር። ከአባቱ ኋላ ኋላ እያለ ያላየው ቀብር የለም። በ1970 ምሥራቅ ግንባር ሲዘምት ሱሌማን የሚባል ጓደኛ ነበረው፤ ከኮምቦልቻ ወዲያ የደጋን ከተማ ልጅ፣ ሳቂታ። ሱሌማን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በጥይት ወደቀ። ቀለሙ በሳንጃና በብረት ቆቡ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በገዛ ካፖርቱ ጠቅልሎ ቀበረው። ጦርነቱ ሲያልቅ ደጋን ወርዶ ለእናትየው ለእማማ ሳሊሃ መርዶውን ነገራቸው። አልቅሰው ሲበቃቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አዙረህ ነው የቀበርክልኝ?»

«አዎ፣ እማ» አለ።

ከዚያ ወዲህ አረፋ በደረሰ ቁጥር ከደጋን አንድ በግ ይመጣል። የሚመጣው ከነነፍሱ ነው፤ እስላም ያረደውን ክርስቲያን እንደማይበላ እማማ ሳሊሃ ያውቃሉ። «ልጄን አፈር ያለበስክልኝ፣ አንተው ባርከህ እረድ» ይላል መልእክቱ። ቀለሙ ግን በጉን ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። ገመዱን ይይዝና በቀጥታ ሄዶ ለጎረቤታቸው ለጀማሉዲን ያስረክባል።

«የጀማሉዲን ቤት ቅቅል እየሸተተ እኔ ጎመን ልክተፍ! በጉ ምን በደለህ?» ትላለች አረጋሽ።

«ስእለት አለብኝ» ይላል። ስእለቱ ለየትኛው ታቦት እንደሆነ ግን አይናገርም።

እሱ ዘመቻ ላይ ሳለ በጉ ከመጣ አረጋሽ ዝም ብላ ታሳርዳለች። ከልጆቿ ጋር አጥንቱ እስኪነጣ ይግጡታል። ይህን ደግሞ እሷ ነግራው አታውቅም።

በ83 ሠራዊቱ ሲበተን ቀለሙ ከሰሜን በእግሩ መጣ። ልጆቹ የገዛ አባታቸው የኔ ቢጤ መስሏቸው ቁራሽ ሊሰጡት ሮጡ። ተሐድሶውን ጨርሶ ኮምቦልቻ አንድ የዘይት መጭመቂያ ቤት ዘበኛ ሆነ። ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ይወርዳል፣ ማታ ይወጣል። እንዲህ ሲወጣና ሲወርድ ልጆቹን አስተማረ፣ ዳረ። የመጨረሻዋ ሰላም ስታገባ ድንኳን ውስጥ ሲጨፍር ጉልበቱን አሞት ሁለት ሳምንት ተኛ። ደስ የሚል ሰው ነበር። አረፋ ሲቃረብ ብቻ ደስታው ይጠፋበታል።

በ1999 ግንቦት ላይ የሱሌማን ታናሽ ወንድም ኑርሁሴን ደሴ ድረስ መጣ።

«ጋሼ፣ እናቴ ደክማለች። የወንድምህን አቀባበር ሳልሞት አንድ ጊዜ ከቀበረው ሰው አፍ ልስማው እያለች ነው። ወላሂ ሌላ ወሬ የላትም።»

ቀለሙ ነገ እመጣለሁ ብሎ ሸኘው። ተመልሶ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«አረጋሽ፣ እኒያን ሴትዮ ዋሽቻቸዋለሁ» አላት።

ሱሌማን የወደቀ ቀን ሳያስበው ከልጅነቱ ያየውን ነበር ያደረገው። ሱሌማንን በጀርባው አስተኛው፤ ራሱን ወደ ምዕራብ፣ እግሩን ወደ ምሥራቅ አደረገ፤ አቡነ ዘበሰማያት ደገመለት። ልክ እንደ ክርስቲያን ቀበረው። እስላም በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ፊቱ ወደ ቂብላ እንደሚዞር ትዝ ያለው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያኔ ግንባሩ ርቆ ሄዷል።

«አሁን ሊሞቱ ነው። ደግሜ ልዋሻቸው? ወይስ እውነቱን ተናግሬ በሐዘን ልግደላቸው?»

አረጋሽ የበጉ ነገር የገባት ያን ጊዜ ነው። ተናደደች፤ ደግሞም አንጀቷን በላት። «እኔ እንጃ» አለችው። «ግን አብሬህ እወርዳለሁ።»

ደጋን ሲደርሱ እማማ ሳሊሃ መደብ ላይ ጋደም ብለው ነበር። ቀለሙ እግራቸው ሥር ተንበርክኮ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ኑርሁሴን ብድግ አለ። አረጋሽ አሁን ያስወጡናል ብላ ጫማዋን በዓይኗ ፈለገች።

«ስትቆፍር ብቻህን ነበርክ?» አሉ አሮጊቷ።

«ብቻዬን።»

«ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይ ጭነህበታል?»

«እስኪመሽ ድንጋይ ተሸከምኩ፣ እማ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉና እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ። «ይኸን ሁሉ ዓመት ስፈራ የኖርኩት ጅቡን ነው። ምን ይለኝ ይሆን ብዬ መጠየቁን ፈራሁ። መዞሩን ተወው፤ አላህ ያዞረዋል፤ ልጄ የት እንዳለ እሱ ይጠፋዋል?»

ቀለሙ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። አረጋሽም ዝም ብትል ምን ነበረበት!

«በጉንም ቀምሶት አያውቅም» አለች። «አልቀበለውም እያለ ለሰው ይሰጣል። እሱ ሳይኖር ግን... እኔ በልቼዋለሁ።»

ቀለሙ ዞር ብሎ አፈጠጠባት። እማማ ሳሊሃ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«ኑርሁሴን፣ ምን ትገተራለህ? በግ ጎትት!»

ቀለሙ ባርኮ አረደ። እነሱም ለራሳቸው ሌላ አረዱ። ያን ዕለት ሰውዬው ስቡ በአገጩ እየወረደ ሲበላ አረጋሽ ዓይኗን ማመን አቃታት።

እማማ ሳሊሃ በሁለተኛው ሳምንት አረፉ። ቀለሙ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖረ፤ ሰባት በግም በላ። ቅር ያለው ጀማሉዲን ብቻ ነበር።

የቀለሙ ቀብር ዕለት ኑርሁሴን ስምንት ሰው አስከትሎ ከደጋን መጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገብቶ አካፋ ተቀበለና ጉድጓዱን ከደሴዎቹ ጋር ቆፈረ። ሬሳው ሊወርድ ሲል ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና ብሎ ቄሱን ጠየቀ።

«አባ፣ ራሱ ወደ ምዕራብ ነው አይደል? እንዳንሳሳት ብዬ ነው።»

«አዎ ልጄ፣ ልክ ነህ» አሉት።

አረጋሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እንባዋም የመጣው ያኔ ነው።